ምንም የማትበላው ንግሥት

ዛሬ ጓደኛዬ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ከመሳቢያው አንዲት የመስታወት ቱቦ አወጣና «ቀስ በል፣ እንዳትነቀንቃት» አለኝ። ከታች ውሃ፣ መሃል ላይ ጥጥ፣ ከጥጡ ወዲህ አንዲት ንግሥት ጉንዳን።

«ምን ታበላታለህ?» ስለው «ምንም» አለኝ። ለካ የብዙዎቹ ዝርያዎች ንግሥት ከወንዶቹ ጋር ከተገናኘች በኋላ ክንፏን ራሷ ታራግፋለች። ከዚያ ወዲያ የማያስፈልጋት የበረራ ጡንቻዋ ሟሙቶ ምግብ ይሆናታል፤ የመጀመሪያ ልጆቿንም በእሱ ታሳድጋለች። ሠራተኞቹ እስኪወጡ ለሳምንታት እህል የሚባል አትቀምስም። ጠጋ ብዬ ሳያት እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ብርሃን ወደሌለበት ጥግ ታሸሽ ነበር። እያንዳንዱ ከስኳር ቅንጣት ያንሳል። (ላዚየስ ኒጀር ከምትባለው ጥቁር ጉንዳን ወገን ሰው እጅ ላይ ከ28 ዓመት በላይ የኖረች ንግሥት አለች!)

ጉንዳን ማርባት የሚወድ ሰው እየበዛ ነው። ደስ ይለኛል። ገበያው ግን ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኬንያ ውስጥ አራት ሰዎች ከ5,000 በላይ ጉንዳን፣ አብዛኛው ንግሥት፣ በቱቦና በሲሪንጅ አሽገው ከአገር ሊያወጡ ሲሉ ተይዘው እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ተቀጡ። ንግሥት ስትወሰድ የሚጠፋው አንድ ነፍሳት ብቻ አይደለም፤ ከእሷ ሊወለድ የነበረው መንጋ በሙሉ ነው። ዘር የሚበትነው፣ አፈር የሚያገላብጠው ደግሞ ያ መንጋ ነው።

ለመጀመር ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ከሩቅ አገር አትዘዙ። ከዝናብ በኋላ ክንፏን አራግፋ መሬት ለመሬት የምትሄድ ንግሥት ከደጃችሁ አታጡም።