የሰብዉፈር ክሮስኦቨር በአንድ አይሲ፦ ሦስተኛው ቦርድ፣ አዳማ

ክሮስኦቨር (ለሰብዉፈሩ፣ ማለትም ለወፍራም ድምፅ ስፒከሩ፣ ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ ለይቶ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አምፑና (ድምፅ ማጉያውና) ስፒከሩ መሀል የሚገባውን ጥቅልልና ካፓሲተር ነው። ባለ 4 ኦም ሰብዉፈርን 80 ኸርዝ ላይ እንዲህ ለመቁረጥ ግን 11 ሚሊሄንሪ ጥቅልልና ፖላሪቲ የሌለው 350 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይፈልጋል። ለዚያ ሁሉ መዳብ ከመክፈል ከአምፑ በፊት በአንድ 4558 (ሁለት ኦፕ አምፕ ማጉያ የያዘ ባለ 8 እግር አይሲ) መጨረስ ይሻላል።

የግራና የቀኝ ድምፅ መግቢያዎቹ እያንዳንዳቸው በ1 ማይክሮፋራድና በ10 ኪሎ ኦም አልፈው እግር 3 ላይ ይገናኛሉ። ከእግር 3 ወደ ግራውንድ 100 ኪሎ። እግር 1 እና 2 ይያያዛሉ። ከ1 ተነስተው ሁለት 15 ኪሎ ተከታትለው እግር 5 ይደርሳሉ። ከሁለቱ መሀል ወደ እግር 7 ጎን ለጎን የተበየዱ ሁለት 104 ማይላር ካፓሲተር (104 ማለት 0.1 ማይክሮፋራድ ነው)፣ ከእግር 5 ወደ ግራውንድ አንድ 104። 6 እና 7 ይያያዛሉ፤ መውጫው 7 ነው። እግር 8 ፕላስ 12፣ እግር 4 ማይነስ 12 ቮልት። መቁረጫው 75 ኸርዝ ይሆናል።

የ15 ኪሎው ቀለም ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካን ነው። በደካማ አምፖል ብርቱካኑ ቀይ ይመስላል፤ ቀይ ከሆነ 1.5 ኪሎ ነው፣ መቁረጫው 750 ይደርስና ዘፋኙ ሰብዉፈር ውስጥ ገብቶ ያወራል። ፕላስ 12 እና ማይነስ 12 ቮልቱን የሚያወጡት ሬጉሌተሮች፣ 7812 እና 7912ም እግራቸው አንድ አይደለም፦ የ7812 የመጀመሪያው እግር መግቢያ ነው፣ የ7912 ግን ግራውንድ። የ7912 ጀርባ ብረት ከመግቢያው ጋር ስለሚገናኝ ያለ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ንጣፍ) ሁለቱን አንድ ብረት ላይ ማሰር ሾርት ነው።

ብዙ ያለፋው ማታ ማታ የሚመጣው እምምም ነው። ከዚህ በፊት የነበረው ሁለተኛው ቦርድ ባለ 12-0-12 (ከመሀል ግራውንድ ወደ ሁለቱም ጎን 12 ቮልት የሚሰጥ) ትራንስፎርመር ነበር። መብራቱ ወደ 170 ቮልት ሲወርድ ከሬክቲፋየሩ የሚወጣው 12.4 ቮልት ገደማ ነው፤ 7812 ደግሞ 14 ካላገኘ አይቆጣጠርም፣ የ100 ኸርዝ ሞገድ ያሳልፋል። ካፓሲተር መጨመር ብቻውን አያድንም። 15-0-15 ሲገባ በ170ም 15.7 ስለሚደርስ ጠፋ። ቀንም ማታም የማይለወጥ እምምም ከሆነ የ50 ኸርዝ ነው፤ ማጣሪያው አይነካውም፣ ከ75 በታች ነዋ። ግራውንዱን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቡ፣ ትራንስፎርመሩንም ከአይሲው አርቁ።

አምፑ ሳይገናኝ በፊት እግር 7 ላይ ዲሲ ለኩ፤ ከ50 ሚሊቮልት በላይ ከሆነ የ100 ኪሎዋን ብየዳ ተመልከቱ። ከዚያ ከስልክ ቶን ስጡት፦ 30 ኸርዝ ላይ 300 ሚሊቮልት ከወጣ፣ 75 ላይ 215፣ 150 ላይ 74 መሆን አለበት። ርካሹ ቴስተር ኤሲው ከ200 ቮልት ስለሚጀምር ይህን አያነብም፤ 2 ቮልት ኤሲ ያለው ተዋሱ።

አራተኛው ቦርድ ላይ እያንዳንዱ 15 ኪሎ በ10 ኪሎና ከእሱ ጋር ተከታትሎ በሚገባ የጥንድ (በአንድ ዘንግ ሁለቱም አብረው የሚዞሩ) 20 ኪሎ ሊኒየር ቮልዩም አንድ ጎን ይተካል፤ መቁረጫውን ከ38 እስከ 112 ኸርዝ ያንቀሳቅሳል። የአዳማ አቧራ ስላለ ቮልዩሙ የተዘጋ ዓይነት ይሁን።