ከጣውላው በፊት ያለው ሁሉ

የዝላይ አሰልጣኝነት ግማሹ አሸዋ ነው። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ያደረ አሸዋ ጠዋት ጠጥሮ ይገኛል፤ በጠጠረ አሸዋ ላይ በሙሉ ፍጥነት የሚያርፍ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል፣ ወገቡም ይመታል። ስለዚህ አትሌቶቼ ከመምጣታቸው ከአንድ ሰዓት በፊት አካፋዬን ይዤ እወጣለሁ። አሸዋውን ከሥር እገለብጣለሁ፣ ጓሉን እከሰክሳለሁ፣ ከዚያም ከመንደርደሪያው ጋር እኩል እስኪሆን እደለድለዋለሁ። ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ ስጀምር የ23 ዓመት ወጣት ነበርኩ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው የሜዳ ሠራተኞች ቢኖሩትም አካፋውን ለማንም አልሰጥም፤ ልጆቼ የሚያርፉበትን መሬት በእጄ ካላወቅኩት ልቤ አያርፍም።

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ከጃን ሜዳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በ15 ዓመቴ ቤተሰባችን ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ መጣ። የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ ኃይሌ ገብረሥላሴን አስቦ በሁለት ማይል ሩጫ መደበኝ። አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ከኋላ ስከተል ከረምኩ። አንድ ቅዳሜ ተራዬን እየጠበቅኩ ሳለ ከሩጫው መም ጎን ልጆች ተንደርድረው ሦስት ጊዜ እየነጠሩ አሸዋ ውስጥ ሲገቡ አየሁ። ስሉስ ዝላይ ነበር። ያን ቀን ስለ ሩጫዬ ረሳሁ። በማግስቱ ሄጄ ልሞክር ብዬ ለመንኩ፤ ከዚያ ወዲህ ከዝላይ ሜዳ ርቄ የከረምኩበት ዓመት የለም።

የተማርኩት በትንሽ ኮሌጅ ነው። የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ኤንሲኤኤ በሚባለው ማኅበር ሥር በሦስት ደረጃዎች የተከፈለ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያሉ ኮሌጆች ስለ ስፖርት ተብሎ ነፃ የትምህርት ዕድል አይሰጡም። እዚያ የሚዘል ሁሉ የሚዘለው ስለወደደው ነው። ጉልበቴ በአራተኛው ዓመት ሲያስቸግረኝ አሰልጣኙ አዳዲሶቹን ልጆች እንዳግዝ ጠየቀኝ፤ በ2009 ስመረቅም በበጎ ፈቃድ ረዳትነት ቀጠልኩ።

ሦስት ዓመት ያህል ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ፣ ማታ ደግሞ ዋሽንግተን መሃል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራሁ። እዚያ ሌሊት የሚሠራ የአገሬ ሰው ብዙ ነበር። በጠባቧ የቲኬት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የዝላይ ቪዲዮዎችን አንድ በአንድ እያቆምኩ እመለከት ነበር። እናቴ አንድ ቀን ጫማዬን ስታራግፍ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን አሸዋ አይታ፣ «ልጄ፣ ዲግሪ ይዘህ አሸዋ ልትዝቅ ነው?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ጭንቀት ነበር። መልስ አልነበረኝም። ይህን መንገድ የሚጀምር ወጣት ሁሉ እንዲያውቀው የምፈልገው ነገር ቢኖር፣ ያ ጊዜ በፍቅር ብቻ የሚታለፍ አለመሆኑን ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሌላ ሥራና የሚታገስ ቤተሰብ ይጠይቃል። በከፍተኛው ደረጃ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የበጎ ፈቃድ አሰልጣኝ የሚባለው መደብ በ2023 ቀርቷል። መቅረቱ ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጥፎ አሰልጣኝ ነበርኩ። የልፋት ጉድለት አልነበረብኝም፤ ዓይኔ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር። ሰው ዝላይ ሲያይ ዓይኑ አየር ላይ ይቀራል፤ የእኔም እንዲሁ። «ጉልበትህን ሰብስብ»፣ «ደረትሽን ቀና አድርጊ»፣ «እጅህን ወደ ፊት!» እያልኩ እጮኽ ነበር። ነገር ግን የዘላዩ እግር የሚነሳበትን ጣውላ ከለቀቀ በኋላ የሰውነቱ የክብደት ማዕከል የሚሄድበት መንገድ ተወስኗል። አየር ላይ እግር ማመላለሱ ወደ ፊት እንዳይደፋና በደንብ እንዲያርፍ ይረዳዋል እንጂ አንዲት ሴንቲ ሜትር በረራ አይጨምርለትም። ርቀቱ የሚሠራው መንደርደሪያው ላይ ነው።

ሌላም አለ። በትምህርት ቤት ፊዚክስ የተወረወረ ነገር ሩቅ የሚሄደው በ45 ዲግሪ ነው ሲባል የሰማ ልጅ ጣውላው ላይ ሲደርስ ወደ ሰማይ ሊወጣ ይሞክራል። ምርጥ የርዝመት ዘላዮች ግን የሚነሱት ወደ 20 ዲግሪ ገደማ በሚሆን ማዕዘን ነው፤ ከዚያ በላይ ልውጣ ያለ ፍጥነቱን ይገድላል። ከመጨረሻዋ በፊት ያለችው እርምጃ ትንሽ ረዘም ትላለች፣ ወገብ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፣ የመጨረሻዋ አጠር ትላለች። ይኸው ነው። በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ካርል ሉዊስን ያሠለጠነው ቶም ቴሌዝ ለዚህ ሙያ ትልቅ ምሳሌዬ ነው፤ ነገሩን ከሰውነት እንቅስቃሴ ሕግ ተነስቶ ያስተምር ነበር። ሉዊስ ከ1984 እስከ 1996 በአራት ተከታታይ ኦሊምፒኮች በርዝመት ዝላይ ወርቅ ማግኘቱ ተሰጥኦ ብቻ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አውቄው ነበር። ዓይኔ ግን አላወቀውም። ያስተማረችኝ አንዲት ልጅ ናት።

በ2014 ወደ ከፍተኛው ደረጃ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የስሉስ ዝላይ ልጅ ተረከብኩ፤ ጸጥ ያለች፣ ጠንካራ፣ ስትዘል የምታምር። በቀጣዩ ዓመት የሊጉ ሻምፒዮና ላይ ሦስቱንም ሙከራ ጣውላውን እያለፈች ሦስት ጊዜ ቀይ ባንዲራ ተነሳባት፤ አንዱም ዝላይ አልተቆጠረላትም። በመጀመሪያው መነሻዋን 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ እንድታደርግ ነገርኳት፤ በሁለተኛው ሌላ 20 ጨመርኩ። ሦስተኛው ሲበላሽ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

የቡድናችን ዋና አሰልጣኝ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። በማግስቱ አልወቀሰኝም። «ነገ ልምምድ ላይ ጀርባህን ለጣውላው ስጥና ቁም» አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም። ግራ ገብቶኝ የመንደርደሪያው መጀመሪያ ላይ ቆምኩ። ልጅቷ በ16 እርምጃ፣ 31 ሜትር ከ40 ትነሳለች። ጠመኔ ይዤ ሁለተኛዋ እርምጃዋ ባረፈች ቁጥር የጫማዋ ጫፍ የነካውን ቦታ አሰመርኩ። ከአሥር ሙከራ በኋላ ጎንበስ ብዬ ሳይ አሥሩ ነጭ መስመሮች ሁለት ስንዝር በሚሆን ርቀት ላይ ተበታትነዋል። ከመነሳቷ በፊት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዝ ነበር፤ በተረጋጋችበት ቀን እርምጃዋ ያጥራል፣ ልቧ በመታ ቀን ይረዝማል። በሻምፒዮና ቀን የማን ልብ አይመታም?

ዘላይ ጣውላውን በዓይኑ መዝኖ እርምጃውን ማስተካከል የሚጀምረው በመጨረሻዎቹ አራትና አምስት እርምጃዎች ነው። እስከዚያ የተጠራቀመው ስህተት ትንሽ ከሆነ ያስተካክለዋል፤ ብዙ ከሆነ ወይ ያልፈዋል ወይ ሲንጠራራ ፍጥነቱን ያጣል። እኔ ውጤቱን እያየሁ መነሻዋን ስገፋ ነበር፤ በሽታው 30 ሜትር ወደ ኋላ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አሸዋ አልነካንም። ግራ እግሯን አስቀድማ፣ ያለ ውዝዋዜ፣ ቆማ መነሳትን ብቻ ተለማመደች፤ ስድስት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። አሰልቺ ነው። እርሷ ግን አንድም ቀን አላማረረችም፤ መስመሮቹ ሲቀራረቡ እርሷም ታይ ነበርና። በመጨረሻ አሥሩም በአራት ጣት ውስጥ ገቡ። በ2017 በዚያው ሻምፒዮና 12.94 ሜትር ዘላ ሦስተኛ ወጣች፣ ለቡድናችን ስድስት ነጥብ አመጣች። አንድም ቀይ ባንዲራ አልተነሳባትም።

ከዚያ ወዲህ አነጋገሬም ተቀየረ። የኤንሲኤኤ ደንብ በውድድር ወቅት ለአንድ አትሌት በሳምንት የሚፈቅደው 20 ሰዓት ነው፤ ጉልበት ማጎልበቻውና ውድድሩ ከዚያው ይቆጠራሉ። ከአንድ ዝላይ በኋላ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ። ልጁ ወደ እኔ ሲመለስ መጀመሪያ «ምን ተሰማህ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱን እርሱ ራሱ ያመጣዋል።

የማልረሳው ጥፋት ደግሞ አለ። በስሉስ ዝላይ ዘላዩ በተነሳበት እግር መልሶ ያርፋል፣ ቀጥሎ በሌላው እግር ያርፋል፣ ከዚያ ወደ አሸዋው ይዘላል። በእነዚያ ማረፊያዎች አንድ እግር የሚሸከመው ኃይል ከሰውነት ክብደት ከአሥር እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ጆናታን ኤድዋርድስ በ1995 በጎተንበርግ 18.29 ዘልሎ እስካሁን ያልተሰበረውን ክብረ ወሰን ሲይዝ ሦስቱ ክፍሎች 6.05፣ 5.22 እና 7.02 ነበሩ። ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ከመጠን በላይ ከፍ ያደርጉና መካከለኛው ላይ ይወድቃሉ። ይህን ላስተካክል ብዬ አንድ ጎበዝ ወጣት ከሻምፒዮናው በፊት በነበሩት ሳምንታት በአንድ እግር መንጠር አበዛሁበት። ቅልጥሙን አመመኝ ሲለኝ ሁለት ቀን አሳርፌ መለስኩት። አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። የውድድር ዘመኑ ሙሉ አለፈው፣ የመጨረሻ ዓመቱም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ይቅርም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ እግር መሬት የሚመታበትን ቁጥር በደብተር እጽፋለሁ። ለጀማሪ በአንድ ልምምድ ከ80 አላሳልፍም። ሕመም የነገረኝን ልጅ ደግሞ ሐኪም ሳያየው ወደ መንደርደሪያ አልመልስም። ደብተሮቹ ዛሬ አንድ መደርደሪያ ሞልተዋል።

ስለ ምልመላ ጥቂት ልበል። ሰው የሚያስበው ሥራችን ሜዳ ላይ ብቻ እንደሆነ ነው፤ ብዙው ጊዜ ግን በስልክና በመንገድ ያልፋል። ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ ጁን 15 እስኪደርስ ድረስ መደወል አይፈቀድልንም። ከዚያ በኋላ የምትፈልገውን ልጅ ሃያ ሰው ይደውልለታል። እኔ ልጁ ስንት እንደሚዘል ከመጠየቄ በፊት ሩጫውን አያለሁ፤ 6.70 የዘለለ ልጅ በሰባት እርምጃ መንደርደሪያ ከሆነ ገና ያልተነካ ፍጥነት አለው ማለት ነው።

አንድ ጊዜ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊት እናት ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ከፍታ ዘላይ ናት። ቡና ተፈልቶ እስከ ሦስተኛው ድረስ ስለ ስፖርት አንድም ቃል አልተነሳም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ እናቴ ደህና መሆኗን ጠየቁኝ። በመጨረሻ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «እንግዲህ ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይህቺ ልጅ ብትሰበርብህ ትምህርቷን ትቀጥላለች ወይስ ትመልሳታለህ?» አሉኝ። ከብዙ ወላጅ ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልሰማሁም። የዩኒቨርሲቲያችንን ደንብ በጽሑፍ አመጣሁላቸው፤ ስትጎዳ የትምህርት ክፍያዋ እንደማይቋረጥ የሚለውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። ልጅቷ ዛሬ ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት፣ ፋርማሲ ለመማር እየተዘጋጀች ነው። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ጥያቄውን ወላጆች ሳይጠይቁኝ አስቀድሜ እመልሳለሁ።

ሥራው አሁን እየተቀየረ ነው። ከ2025 ወዲህ ለአትሌቶች በቀጥታ ገንዘብ መክፈል የሚፈቅደውን አዲሱን ሥርዓት የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የአትሌቲክስ ቡድናቸው በወንዶች 45፣ በሴቶችም 45 ሰው እንዳይበልጥ ተወስኗል። ነፃ የትምህርት ዕድል ለመስጠት በር መከፈቱ መልካም ነው። ቀድሞ ግን ማንም ያልመለመለው ልጅ ጫማውን ይዞ መጥቶ «ልሞክር» የሚልበት ቦታ ነበር፤ እኔም እንዲሁ ነበር የገባሁት። ያ ቦታ እየጠበበ ነው፤ ያሳዝነኛል፣ በስብሰባም ደጋግሜ ተናግሬአለሁ።

ባለፈው መስከረም አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቢሮዬ መጣ። በስልኩ የቀረጸውን ዝላይ አሳየኝ። ጣውላው ጋ ሲደርስ ይንጠራራል፣ አወራረዱም ጥሩ አይደለም። ቪዲዮውን ወደ መጀመሪያ መለስኩትና የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች አየሁ፤ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። እኩል ነበሩ፣ እንደ ተለካ ገመድ እኩል። ቦታ የለንም፤ 45ቱ ሞልቷል። በቡድኑ ያልተመዘገበ ልጅ ከእኛ ጋር እንዲለማመድ ደግሞ አይፈቀድም። ይህን ስነግረው አንገቱን ደፋ። እኔ የተማርኩበትን ትንሽ ኮሌጅ ስም ጽፌ ሰጠሁት፣ ለአሰልጣኙም እርሱ እዚያው ተቀምጦ እያለ ደወልኩለት። «መንደርደሪያውን እይለት፣ ሌላው ይመጣል» አልኩት። ልጁ ጥር ላይ ተዛውሯል። በየሳምንቱ ቪዲዮ ይልክልኛል፤ እኔም በየሳምንቱ መጀመሪያውን ነው የማየው።