የዋሽንግተን ሴኔተርስ ካርዶች፦ እስካሁን የደረስኩበት

የድሮ የቤዝቦል ካርድ (የተጫዋች ምስል ያለበት፣ የሚሰበሰብ ካርድ) ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ኒው ዮርክ ያንኪስ ኮከቡ ሚኪ ማንትል ነው። ካርድ አሳታሚው ቶፕስ በ1952 ያወጣው የማንትል ካርድ፣ ቁጥር 311፣ በኦገስት 2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ይህን የሰማ ሰው «የሀብታም ጨዋታ ነው» ብሎ ይተወዋል። ግን አይደለም። ጥጉ የተበላ፣ መሃሉ የተጣጠፈ የ1950ዎቹ ካርድ ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛል። ተጫዋቹ ታዋቂ ካልሆነማ ከምሳ ዋጋ ያነሰ ነው።

እኔ አንድ ክለብ ብቻ ያዝኩ፤ የ1950ዎቹን የዋሽንግተን ሴኔተርስ። ደካማ ቡድን ስለነበር ካርዱ አይወደድም። ዋናው ምክንያቴ ግን ቦታው ነው። ይጫወቱበት የነበረው ግሪፊዝ ስታዲየም ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነበር። በ1965 ፈርሶ ዛሬ ቦታው ላይ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል። ዩ ስትሪት እና ናይንዝ ስትሪት ላይ ካሉት የሐበሻ ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው። እኛ ክትፎ የምንበላበት ሰፈር ድሮ የሆም ራን (ኳሱ ከአጥር ውጭ የሚወጣበት ምት) ጩኸት ይሰማበት ነበር። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሌላ ክለብ ለመምረጥ ልቤ እሺ አላለም።

ለጀማሪ የምመክረው ካርዱን ገልብጦ ማንበብ ነው። ፊት ለፊቱ ፎቶ ወይም ሥዕል ነው፤ የተጫዋቹ ታሪክ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ቶፕስ የማስቲካ ኩባንያ ነበር፤ ካርዱ ከማስቲካው ጋር ታሽጎ ይሸጥ ነበር። የ1952ቱን ስብስብ ያዘጋጀው ሳይ በርገር ጀርባው ላይ ያለፈውን ዓመትና የዕድሜ ልክ ውጤቱን አስገባበት። ከ1957 ጀምሮ ደግሞ የተጫዋቹ ውጤት በየዓመቱ ተዘርዝሮ መጣ። ለኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። አንድን ሰው ከዓመት ዓመት ሲወጣና ሲወርድ ማየት ትችላለህ።

ሃርመን ኪልብሩን ውሰዱ። ከአይዳሆ የመጣ ልጅ ነው። በ1954 ሴኔተርስ ሲያስፈርሙት 18 ዓመት አልሞላውም። በጊዜው በነበረው ደንብ ከ4,000 ዶላር በላይ የፊርማ ገንዘብ የተከፈለው ጀማሪ ሁለት ዓመት ዋናው ቡድን ውስጥ መቆየት ነበረበት። ታችኛው ሊግ ወርዶ መለማመድ አይችልም። ስለዚህ ልጁ ብዙውን ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያ ካርዱ የ1955 ቶፕስ ነው፤ ፊቱ ገና የጎረምሳ ፊት ነው። እስከ 1958 በአምስት የውድድር ዓመት በድምሩ 11 ሆም ራን ብቻ ነው የመታው። ከዚያ በ1959 አንድ ዓመት ውስጥ 42 መታ! ሲያበቃ 573 ላይ ደረሰ፤ በ1984 ኩፐርስታውን የሚገኘው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ። የ1955ቱን ካርድ ስታዩ ይህን ሁሉ ማንም እንደማያውቅ አስቡት።

ሮይ ሲቨርስ ሌላው የምወደው ሰው ነው። በ1957 ከሁለቱ ዋና ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ በሆም ራን (42) እና በምቱ ነጥብ እንዲገባ በማድረግ (114) አንደኛ ነበር። ክለቡ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ወጣ። ያን ያህል ለፍቶ ጅራት መሆን ያሳዝናል። የሲቨርስ ካርድ ግን አሁንም ርካሽ ነው፤ እኔ ብጠየቅ ከዚህ በላይ ይገባዋል ባይ ነኝ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደያዘኝ ነገር ልምጣ። ግሪፊዝ ስታዲየም የሴኔተርስ ብቻ አልነበረም። በ1940ዎቹ ከኒግሮ ሊግ (ጥቁር ተጫዋቾች ከዋናው ሊግ ተገልለው ይጫወቱበት የነበረ ሊግ) ኃያላን አንዱ የሆነው ሆምስቴድ ግሬይስ ሜዳውን እየተከራየ ይጫወት ነበር። ጆሽ ጊብሰን እና በክ ሌናርድ እዚያ መትተዋል። የሴኔተርስ ባለቤት ኪራዩን ይቀበላል፤ ጥቁር ተጫዋች ግን አያስፈርምም። ጊብሰን በጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ለጥቁሮች ዝግ የነበረውን የዋናውን ሊግ በር የከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ሜዳ የገባው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ጊብሰን በሕይወት እያለ እንደነ ማንትል ከማስቲካ ጋር የሚሸጥ ካርድ አልወጣለትም። በ2024 ዋናው የአሜሪካ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል፣ የኒግሮ ሊግን ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋህድ፣ ጊብሰን በዕድሜ ልክ የምት አማካይ ከሁሉም በላይ ሆነ፤ .372። ከ1,000 ሙከራ 372ቱ ተሳክቷል ማለት ነው። ስለዚህ አልበሜ ውስጥ ለጊብሰን አንድ ኪስ ባዶ ትቼለታለሁ። እዚያው ሜዳ ላይ የተጫወተ ሰው ስለሆነ ስብስቡ ያለሱ ጎደሎ ነው።

ሴኔተርስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፉት በሴፕቴምበር 1954 ነው። ካርሎስ ፓውላ የተባለ ኩባዊ። በ1955 አማካዩ .299 ነበር፤ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ከ1956 በኋላ ግን ወደ ሜጀር ሊግ አልተመለሰም። የ1955 ካርዱን አግኝቻለሁ፤ ዋጋው የአንድ ቡና ያህል ነበር። ከኪልብሩ ካርድ ጎን አስቀምጬዋለሁ።

ስለ ሐሰተኛ ካርድ የሚጠይቁኝ አሉ። ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ መጠኑን፦ ከ1952 እስከ 1956 የወጣው ቶፕስ ዛሬ ከምናውቀው 2.5 በ3.5 ኢንች ይበልጣል። ስለዚህ «የ1955 ነው» የተባለ ካርድ በአዲሱ ካርድ ማስቀመጫ ልክክ ብሎ ከገባ፣ ወይ ጠርዙ ተቆርጧል ወይ ቅጂ ነው። ሁለተኛ በማጉያ መነጽር ጽሑፉን፦ በዋናው ካርድ ላይ ጥቁር ፊደል ድፍን ቀለም ነው። ፊደሉ በትናንሽ ነጠብጣብ ከተሠራ ከሌላ ካርድ ላይ ስካን የተደረገ ነው።

አሁን 1961 ላይ ነኝ፤ እዚህ ትንሽ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የድሮው ሴኔተርስ በዚያ ዓመት ሚኒሶታ ሄዶ ትዊንስ ሆነ። ዋሽንግተን ደግሞ በዚያው ስም አዲስ ክለብ አቋቋመች። ስለዚህ በ1961ቱ ስብስብ ኪልብሩ ትዊንስ ተብሎ ነው የሚገኘው፤ «ሴኔተርስ» የሚሉት ካርዶች የአዲሱ ክለብ ናቸው። እኔ የያዝኩት የድሮውን ክለብ ስለሆነ 1960 ላይ አቁሜ የጎደለኝን መሙላት መርጫለሁ። ከሁሉ በፊት የምፈልገው የ1956 ካርሎስ ፓውላን ነው። የ1957 ሲቨርስ ሁለት አለኝ፤ ፓውላ ያለው ሰው ካለ ለመለዋወጥ ዝግጁ ነኝ። ጥጉ ቢበላም ግድ የለኝም፤ ጀርባው ይነበብ እንጂ።