ውሃ የሚያቁርበት ቦታ

የቮልስ ዝገት ለዓይን የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ብቅ ሲል ሰው "ገና እየጀመራት ነው" ይላል። አይደለም፣ ጨርሷት ነው የወጣው። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ውስጥ ሆኖ ሲያብጥ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህን በወሬ ሰምቼ አይደለም የምጽፈው። ከጥቅምት ወዲህ የቤታችንን ቮልስ ግቢ ውስጥ በታትኜ፣ ስንጥቋን ሁሉ በካቻቢቴ እየወጋሁ ነው የከረምኩት።

መኪናዋ ቮልስዋገን 1300 ናት። አያቴ አሰብ ይሠራ በነበረ ጊዜ፣ በ1963 ዓ.ም. ነው የገዛት። ኋላ ደሴ ይዟት መጣ። አባቴ ነዳት፣ እማዬ ነዳቻት፣ ከዚያ ሸራ ለብሳ ሆጤ ያለው ግቢያችን ጥግ ላይ ቆመች። የአሰብ አየር ጨው አለበት፣ ጨው ደግሞ ዝገትን ያፈጥናል። አሰብ የጀመረውን ደሴ ጨረሰው። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ክረምቱ ከባድ ነው፣ በልግም አለን፣ ዝናብ በሌለበት ቀን ደግሞ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይተኛል። ሸራ የለበሰ መኪና ደረቅ ይመስላል እንጂ ሸራው እርጥበቱን አምቆ ነው የሚይዘው። የቆመ መኪና ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ሸራውን አንሱለት። ከላይ ቆርቆሮ ይበቃዋል፣ ጎንና ጎኑ አየር ያግኝ።

ግቢያችን የሚገባ ትልቅ ሰው ሁሉ ቮልሷን ሲያይ ጃንሆይን ያነሳል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ብዛቷ ነው። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ እስከተሠራችበት እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ስለዚህ ውጭ አገር ወለሉም ፓራፋንጎውም (የጎማው መከለያ) ዛሬ ድረስ አዲስ ይሠራል። ደሴ ላይ ያለን ላሜራ፣ መዶሻና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ የሚያውቀውን ሰው አግኝቻለሁ። ጡረታ የወጡ ባትላሜራ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፣ የእማዬን ቡና ይጠጣሉ፣ ከዚያ መዶሻቸውን ያነሳሉ።

ከእሳቸው በፊት ያነጋገርኳቸው የጋራዥ ሰዎች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር። ስቱኮ እንሞላና ቀለም ረጭተን በሳምንት እናስረክብሃለን! ስቱኮን፣ ያንን ብረት ላይ የሚቀባ መሙያ፣ አልጠላም። በንጹሕ ብረት ላይ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሳሳ ብሎ ሲቀባ ጥሩ ነገር ነው፣ የመዶሻን ምልክት ያስተካክላል። ቀዳዳ ላይ ሲደፈን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፤ ከኋላው ያለውን ዝገት ሲያጠጣው ይከርምና አንድ ቀን ከነቀለሙ ተገምሶ ይወድቃል። ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የመኪናውን ዕድሜ እየከፈለ እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ይሄ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ በሩ ሥር።

የቮልስ ሞተር ኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ለተሳፋሪው ሙቀት የሚመጣው ሞተሩ ያሞቀው አየር በሁለት ባዶ የብረት ሳጥኖች ውስጥ አልፎ ነው። ሳጥኖቹ በግራና በቀኝ ከበሮቹ ሥር፣ ከኋላ እስከ ፊት ተዘርግተዋል። የአየር ቱቦ ብቻ አይደሉም። የመኪናዋን አካል ቀጥ አድርገው የያዙት እነሱ ናቸው፤ አካሉ ከወለሉ ጋር በቡሎን የሚታሰረውም በእነሱ በኩል ነው። ጭቃና ውሃ ከገባባቸው ግን መውጫ የለውም፣ ከውጭ ሆኖም ማንም አያያቸውም። ሲበሰብሱ አካሉ መሃል ላይ ይረግባል። በሩ ከዚያ በኋላ አልገጥም ይላል።

እማዬ የቀኙን በር የምትዘጋው ሁልጊዜ ከሥር ከፍ አድርጋ ነበር። ልጅ ሆኜ የማስታውሰው እንደዚያ ነው፤ በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በሌላው በሩን ከታች አንስታ ጠቅ። ማጠፊያው አርጅቶ ነው ብለን ስንኖር ማጠፊያው ደህና ነበር። ጋሼ በመዶሻቸው እጀታ ከበሩ ሥር ኳ ኳ አደረጉና ዝም ብለው ሰሙ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰ ያፍናል። ከዚያ ካቻቢቴውን ተቀብለው ገፋ ሲያደርጉት እስከ እጀታው ገባ። "አብሽር" አሉኝ ፊቴን አይተው። "ቆርጠን እንተካዋለን። ግን መጀመሪያ እናስራት።"

ማሰር ያሉት ነገር የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ሳጥኑን ዝም ብለህ ከቆረጥከው አካሉ ይጠማዘዛል፣ ከዚያ በኋላ በሩም መስተዋቱም ቦታው ላይ አይመለስም። ስለዚህ በሩን ዘግተን፣ ዙሪያው ያለውን ክፍተት ለክተን፣ ለክተን፣ አካሉ ወለሉ ላይ ታስሮ እንዳለ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ አንግል ብረት አጋድመን በየድን። መቁረጥ የጀመርነው ከዚያ ነው። እሱም አንድ ጎን ብቻ። ሁለቱን ጎን ባንዴ የሚከፍት ሰው መኪና ሳይሆን ላሜራ ነው የሚቀርለት ይላሉ ጋሼ፣ ልክ ናቸው።

ከብየዳ በፊት ግን ሌላ ነገር አለ። የቮልስ ቤንዚን ታንከር ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር ነው። ወጥቶ ከግቢ መራቅ አለበት። ባትሪውም እንዲሁ። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ በቀኝ በኩል፣ እና አሲዱ ባለፉት ዓመታት ሥሩን በልቶት ወለሉ ወንፊት ሆኗል። ወለሉ ላይ ድምፅ እንዲቀንስ ከፋብሪካ የተለጠፈ ሬንጅ ነገር አለ፣ እሳት ካገኘው ይያያዛል። ፍቀን አነሳነው፣ ያም ሆኖ እማዬ ባልዲ ውሃ ይዛ አጠገባችን ካልቆመች ብየዳ አይጀመርም። ራሷ ያወጣችው ሕግ ነው።

ኮምቦልቻ የቆርቆሮ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ስለሆነች ብዙ ሰው "የጣሪያ ቆርቆሮ ቁረጥና ለጥፍባት፣ እሱ እንኳን አይዝግም" ብሎኛል። አይሆንም። ይሳሳል፣ ዚንኩም ሲበየድ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። እኛ የተጠቀምነው የ1 ሚሊ ጥቁር ላሜራ ነው፣ በር የሚሠሩ ቤቶች ያላቸው። መጀመሪያ በካርቶን እንለካለን፣ ካርቶኑ ልክ ሲገባ ላሜራው ላይ እንስለዋለን። ማጠፊያ ማሽን የለንም፤ ሁለት አንግል ብረት ሞርሳ ላይ አጥብቀን ላሜራውን መሃላቸው እናስገባና በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልን እናጥፈዋለን። በ2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ነው የምንበይደው፣ መብራት ሲኖር። ስስ ላሜራ ላይ መስመሩን ባንዴ ከሄድክበት ወይ ይበሳል ወይ በሙቀት ይጠማዘዛል። አንዷን ነጥብ እዚህ፣ ሁለተኛዋን ከእሷ ርቀህ እዚያ፣ ቆም ብለህ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ከዚያ መመለስ። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው፣ ደስ ይላል።

የቀኙ ጎን አልቋል። አንግል ብረቱን የቆረጥነው ቀን በሩ በአንድ ጣት ተዘጋ። እማዬ ልማድ ሆኖባት ከሥር ልታነሳው ሞከረች፣ አያስፈልግም አልኳት። ሦስት አራቴ ከፍታ ዘጋችው።

ከዚህ ሁሉ የገባኝ፣ መኪና ውሃ ጨርሶ አያስገባም ተብሎ እንደማይሠራ ነው። ውሃ መግባቱ አይቀርም። የሠሩት ሰዎችም ያውቁ ነበር፣ ለዚህ ነው በሮቹ ሥር ማፍሰሻ ቀዳዳ የተዉት። የእኛዎቹ በአቧራና በድሮ ቀለም ተደፍነው ነበር። በሽቦ ስከፍታቸው አፈር ወጣ፣ እርጥብ አፈር፣ በጥር ወር! ለዚህ ላሜራም ብየዳም አያስፈልግም፣ ሽቦ ብቻ ነው። ቮልስ ያለው ሰው ከክረምት በፊት የበሮቹን ሥር ይይ፣ የኋላ ወንበሩንም ያንሳ፣ ከፊት ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድም በእጁ ይዳብስ። ፓራፋንጎውንም ማውለቅ ይቻላል፣ በቡሎን ነው የታሰረው፣ ከኋላው የተከማቸው ጭቃ ያስደነግጣል።

ተቆርጦ የማይወጣውን ቀላል ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ማጥፊያ እንቀባዋለን፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ አንቲረስት። እዚህ ላይ የደሴ ጉም ፈተና ነው። ራቁቱን ያደረ ብረት ጠዋት ቀይ ሆኖ ይጠብቅሃል። የፋቅነውን በዚያው ቀን ሳንቀባ አናድርም፣ ከቀትር በኋላም አዲስ ቦታ አንከፍትም።

ለዚህ ነው የመጨረሻውን ቀለም ኮምቦልቻ እንዲረጭ የወሰንኩት። ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሞቃትና ደረቅ ናት። የአክስቴ ልጅ እዚያ ሰፊ ግቢ አለው፣ ኮምፕሬሰርም አያጣም። እዚህ በብርድና በጉም የተረጨ ቀለም ወተት የነካው መስሎ ይቀራል። ጋሼ በጭነት መኪና ትውረድ ይላሉ። እኔ የሐረጎን መንገድ በራሷ ጎማ እንድትወርድ ነው የምፈልገው። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለመውረድ ደግሞ ፍሬን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የግራው ጎን እንዳለቀ አራቱንም ታምቡር እከፍታለሁ።