ላዘናችሁም እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ይህችን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ትንሽ ቆየሁ። «በሰላም» የምትለዋ ቃል ዘንድሮ ለብዙዎቻችሁ እንደምትከብድ አውቃለሁ። በውስጥ መስመር የምትልኩልኝን አነባለሁ። እናቱን የቀበረ አለ። ትዳሯ የፈረሰ አለች። ሥራ ካጣ ዓመት ያለፈው አለ። እኔ ደግሞ በዓል መጣ ብዬ «ደስ ይበላችሁ» ስል «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔም ሌሎችን እንደዚያ ያልኩበት ጊዜ አለ።

የዛሬ ሦስት ዓመት የበዓሉን ዋዜማ ያሳለፍኩት ሆስፒታል ነው። አባቴ ተኝቶ፣ እኔ አስታማሚ ሆኜ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና «ሌላ ቤተሰብ ካለ ቢጠራ ጥሩ ነው» አለኝ። ገባኝ። ስልኬን ሳወጣ ባትሪው አልቋል። ቻርጀሩን ቤት ረስቼዋለሁ።

ከጎናችን ባለው አልጋ ባሏን የምታስታምም ሴት ነበረች። አምስት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ስንኖር ከ«እንዴት አደራችሁ» ያለፈ ነገር አላወራንም። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እንጃ፣ ብድግ ብላ የራሷን ስልክ ነቀለችና ቻርጀሯን ሰጠችኝ። ገመዱ አንገቱ ላይ ተሰብሮ በነጭ የቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል። «ካልያዙት አይሠራም። እንዲህ ጠምዘዝ አድርገህ ያዘው ወንድሜ» ብላ አሳየችኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አልሆነልኝም። ራሷ ያዘችልኝ። ለወንድሜና ለእህቶቼ ደውዬ እስክጨርስ፣ ገመዱን በሁለት ጣቷ ጠምዝዛ አጠገቤ ቆመች። ሃያ ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም። አልጋው ላይ የተወችውን ስልኳን በጨረፍታ አየሁት፤ 12 ፐርሰንት ይላል።

«አይዞህ» እንኳን አላለችም። ዝም ብላ ያዘች።

አባቴ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ።

የሚቀጥለውን ለማስረዳት ይቸግረኛል። ያን ሌሊት ሳስታውስ ከለቅሶው በፊት የሚመጡልኝ የዚያች ሴት ጣቶች ናቸው። በመጡ ቁጥር ደግሞ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይሞቃል። ደስታ ልበለው? ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ከዚያ ወዲህ የፊልጵስዩስን መልእክት የማነበው በሌላ ዓይን ነው። «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» የሚለው ጥቅስ ያለው እዚያ ነው፣ ምዕራፍ 4 ላይ። እውነቱን ለመናገር ጥቅሱን አልወደውም ነበር። የደላው ሰው ምክር ይመስለኝ ነበር። ጳውሎስ ግን ያንን የጻፈው ታስሮ ነው፤ ይሙት ይዳን ሳያውቅ። ይህን ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ልብ ያላልኩት ደብዳቤው የምስጋና ደብዳቤ መሆኑን ነበር። የፊልጵስዩስ ምእመናን ለእስረኛው የሚያስፈልገውን አዋጥተው አፍሮዲጡ በሚባል ሰው እጅ ላኩለት። አፍሮዲጡ በዚያው ታሞ ለሞት ቀረበ። ሲተርፍ ጳውሎስ ምን አለ? በኀዘኔ ላይ ሌላ ኀዘን እንዳይጨመርብኝ እግዚአብሔር ማረኝ አለ። ልብ በሉ፣ «ደስ ይበላችሁ» የሚለው ይኸው ሰው ነው። ማዘኑን አልደበቀም። ደስታውም ቢሆን የሰው እጅ ነበረበት፤ አንድ ሰው ተሸክሞለት ሲመጣ ሊሞት ደርሷል።

የልደቱም ታሪክ ጠጋ ብለው ሲያዩት እንዲሁ ነው። መልአኩ ለእረኞቹ «ታላቅ ደስታ» ብሎ አበሠረ። ብዙም ሳይቆይ አረጋዊው ስምዖን ሕፃኑን ታቅፎ፣ እናቱን በነፍስሽ ሰይፍ ያልፋል አላት። ከዚያ ስደት ወደ ግብፅ። እረኞቹ እያመሰገኑ ሲመለሱም ሄሮድስ ዙፋኑ ላይ ነበር። ምንም የተስተካከለ ነገር አልነበረም። እነሱ ግን ሕፃኑን አይተውታል።

ስለዚህ ያዘናችሁ ወዳጆቼ፣ በዓል ነው ብላችሁ ፊታችሁን አታስገድዱት። ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፤ ያውም ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ። ሰው በር ቢያንኳኳ ግን ክፈቱለት። የምለምናችሁ ይህችኑ ነው።

ደህና የሆናችሁት ደግሞ፣ ለሁለት መቶ ሰው አንድ ዓይነት ሥዕል ከመላክ ለአንድ ሰው ደውሉ። መደወል የሚከብዳችሁ ሰው አለ አይደል? ምን እለዋለሁ ብላችሁ የምትሸሹት? እሱ ነው። እባካችሁ «እግዚአብሔር ምክንያት አለው» አትበሉት። ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ለእናንተ ግን አልነገራችሁም። የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥሩ ጀምረው ነበር እኮ! የተበላሸው ማውራት ሲጀምሩ ነው።

የዚያችን ሴት ስም ሳልጠይቃት ቀረሁ። ጠዋት ቻርጀሯን ልመልስላት ስሄድ፣ ራሷን የባሏ አልጋ ጠርዝ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። ስልኳ 4 ፐርሰንት ላይ ነበር። ቀስ ብዬ ሰካሁላትና ገመዱን እንዳሳየችኝ ጠምዘዝ አድርጌ ያዝኩት። ባሏ ነቅቶ አየኝ። ምንም አላለም። ታናሽ ወንድሜ መጥቶ «እንሂድ፣ እየጠበቁን ነው» ሲለኝ 19 ደርሶ ነበር።