የሪሞት መኪናዬ የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ቡሎን እየላላ እንዴት እንዳስቸገረኝና በመጨረሻ እንዴት እንዳሲያዝኩት

ቡሎኑ መጀመሪያ የጠፋብኝ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ላይ ነው፣ ሳሩ ውስጥ እስኪመሽ ፈልጌ አላገኘሁትም። መኪናዋ ያቺ አንድ አምስተኛ (የእውነተኛ መኪና አንድ አምስተኛ መጠን) የምትባለዋ ትልቋ ሪሞት መኪና ናት፣ በባትሪ ሳይሆን በቤንዚን የምትሄደው፣ ሞተሯ 29 ሲሲ ቱ ስትሮክ፣ ታላቅ ወንድሜ ከጅዳ ሲመጣ ነው ይዞልኝ የመጣው፣ ደሴ ውስጥ እሷን የምትመስል ሌላ አይቼ ስለማላውቅ የምጠይቀው ሰውም አልነበረኝም። ድምጿ ከዛ ጥርት ካለው ጩኸት ድንገት ወደ መንተፋተፍ ተለወጠ፣ ጉልበቷም ሞተ፣ ገልብጬ ሳያት ማርሚታው ሲሊንደሩ ጋ የሚታሰርባቸው ቡሎኖች ሁለት ናቸው፣ አንዱ የለም ሌላው በጣት ይዞራል።

እኔ ያኔ የመሰለኝ በደንብ ስላላጠበቅኩት ነው። አዲስ ቡሎን ገዝቼ አጠበቅኩት፣ በሁለተኛው ነዳጅ ላላ፣ ማለት ሁለተኛ ጊዜ ሞልቼ ስነዳት። ከዛ ሰማያዊውን ሎክታይት፣ ቡሎን እንዳይላላ ጥርሱ ላይ የሚቀባውን ማጣበቂያ፣ አስመጣሁ፣ ቀባሁ፣ አንድ ቀን አደረቅኩት፣ አሁንም ላላ። ወራት በዚህ አለፈ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ያ ማጣበቂያ 243 የሚባለው የሚችለው ሙቀት እስከ 180 ዲግሪ ነው፣ ጭሱ የሚወጣበት ቦታ ደግሞ ከዛ በላይ ይግላል፣ ስለዚህ ማጣበቂያው እዛ ላይ ተቃጥሎ ዱቄት ይሆናል። ለሌሎቹ ቡሎኖች አሁንም እጠቀምበታለሁ፣ አሪፍ ነገር ነው፣ ለማርሚታ ግን በፍፁም።

የባሰው ነገር የመጣው ኮምቦልቻ ወርጄ ስነዳት ነው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ፣ መንገዱ ግን 25 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ደሴ ላይ አስተካክለህ እንዳለ ይዘኸው ከወረድክ እታች አየሩ ወፈር ስለሚል ነዳጁ ለአየሩ ያንሳል፣ ሞተሩም ከልኩ በላይ ይግላል። እኔ ይሄን ሳላስብ ግማሽ ሰዓት ነዳሁ፣ ቡሎኖቹ ላሉ፣ ተናድጄ ሞተሩ እንደጋለ በአለን ቁልፍ ባለ በሌለ ጉልበቴ ጠመዘዝኩት፣ ከዛ ቁልፉ ቀለል አለኝ። ቡሎኑ የሚገባበት የሲሊንደሩ ቀዳዳ ጥርስ ተበላ። አሉሚኒየም ሲግል ይለሰልሳል፣ ብረት ቡሎን ይበላዋል፣ በቃ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ሲሊንደር ከየት ነው የማመጣው እያልኩ።

በነጋታው እዛው ኮምቦልቻ ያሉ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ጋ ወሰድኩላቸው። "ጋሼ በቃ ሲሊንደሩ ተበላሸ ማለት ነው?" ስላቸው "አብሽር ልጄ፣ ይሰራል" አሉና ቀዳዳውን አስፍተው ጥርስ አውጥተው የብረት ቡሽ አስገቡበት፣ ከድሮው የጠነከረ ሆነ። እኔን የጠቀመኝ ግን ከዛ በኋላ ያሉት ነው። የማርሚታውን ጭራ በአንድ ጣት ከፍ ዝቅ አደረጉትና "ይሄ ሁሉ ርዝመት በሁለት ቡሎን ብቻ ተንጠልጥሎ እንዴት አይፈታ፣ ቡሎኑ ምን ያርግ?" አሉኝ። እውነት ነው! ሞተሩ በደቂቃ 15 ሺህ ሲዞር በሴኮንድ 250 ጊዜ ይመታል ማለት ነው፣ ያ ማርሚታ በየምቱ ፍላንጃውን፣ ሲሊንደሩ ላይ የሚገጥመውን ጠፍጣፋ ፊቱን፣ እንደ ማንሻ ይወዘውዘዋል፣ ከስር የሚይዘው ቅንፍ ደግሞ አንዱ ዝላይ ላይ ተሰብሮ ሳላስተውለው ኖሯል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ቡሎን ስቀያይር ጥፋቱ እዛ ጫፍ ላይ ነበር።

እና ሁሉንም ፈትቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ፍላንጃውን የመስኮት መስታወት ላይ ሳስቀምጠው መሀሉ ላይ ብርሃን ያሳልፋል፣ ጠሟል ማለት ነው፣ ስለዚህ መስታወቱ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ ሙሉ ፊቱ እኩል እስኪያበራ ፈተግኩት። በመሀል ገብቶ ጭስ እንዳያፈስ የሚያደርገው የድሮው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ስለነበር አዲስ አደረግኩ፣ ጥርሶቹን በቤንዚን አጥቤ አደረቅኳቸው፣ አሮጌ ዘይት ካለ ምንም ነገር አይይዝም። ለጭራው ከወፈር ያለ ላሜራ ቅንፍ አሰራሁለት፣ በመሀል ላስቲክ አለው፣ ድርቅ አርገህ ካሰርከው ራሱ ቅንፉ ይሰነጠቃል። ቅንፉን መጀመሪያ ማጥበቅ የለብህም፣ ሁለቱን የፍላንጃ ቡሎኖች በየተራ ትንሽ በትንሽ አጥብቀህ ማርሚታው በራሱ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው ቅንፉ የሚታሰረው፣ ካልሆነ ገና ስታጠብቀው ጀምሮ እየተሳበ ነው።

የቡሎኖቹን ራስ ደግሞ እዛው በትራፓኖ አስበሳሁና ዝገት የማይነካው ቀጭን ሽቦ አሳልፌ ሁለቱን ጠምዝዤ አሰርኳቸው፣ የአውሮፕላን መካኒኮች እንደሚያደርጉት፣ አንዱ ሊላላ ሲል ሌላውን ወደሚጠብቅበት እንዲስበው አርገህ ነው የምታስረው። ሽቦው ቡሎኑ ወልቆ እንዳይጠፋ ያረጋል እንጂ የላላውን አያጠብቅም፣ ይሄን ሳላውቅ በሽቦ ብቻ ተማምኜ ቢሆን ኖሮ ጓርኒሲዮኑ ውስጥ ለውስጥ ይቃጠል ነበር።

ሽቦውን ከማሰሬ በፊት ግን አንድ አምስት ደቂቃ አስነስቼ አግዬ፣ አጥፍቼ በደንብ ሲቀዘቅዝ ድጋሚ አጠበቅኩ፣ ሩብ ዙር የሚሆን ገባ። አዲስ ጓርኒሲዮን መጀመሪያ ሲግል ተጨፍልቆ ስለሚሳሳ ቡሎኑ ሳይዞር ራሱ ይላላል፣ ለካ ያ "በሁለተኛው ነዳጅ ላላ" የምለው ይሄ ነበር። ሶስት ጊዜ እንደዛ አርጌ በሶስተኛው አልገባም አለ፣ ያኔ አሰርኩት።

ምልክት ለማድረግ መጀመሪያ የእህቴን ኩቴክስ ከቡሎኑ ራስ እስከ ፍላንጃው መስመር አሰምሬ ነበር፣ ተቃጥሎ ጠፋ፣ አሁን በስለት ጭሬዋለሁ። ጭረቱ ከተዛነፈ ዞሯል ማለት ነው፣ ዙሪያው ላይ ጥቁር ዘይት ካየሁ ደግሞ ባይዞርም ጭስ ያፈሳል ማለት ነው። ኮምቦልቻ ስወርድም ከማስነሳቴ በፊት የካርቡራተሩን የነዳጅ መርፌ ትንሽ እከፍታለሁ፣ ስመለስ እዘጋለሁ።

ከዛ ወዲህ ወደ 15 ሊትር ነዳጅ ጨርሳለች፣ ጭረቱ እንዳለ ነው። ቅዳሜ ቦሩ ሜዳ ነድቻት ስመለስ ግን የሞተሩን ማሰሪያ ቡሎኖች ሳይ አንዱ ፀጉር ታህል ዞሯል፣ ዛሬ ማታ እሱን እፈታዋለሁ፣ ለእሱ ሰማያዊው ይበቃዋል፣ እዛ ጋ ያን ያህል አይግልም።