ኮምቦልቻ፦ የጅቡቲ ሀዲድ በአንድ ጓሮ

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ድረስ ስላለው መንገድ ብዙ የምለው የለኝም። ጣርማ በር ላይ ጉም፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ፣ ከዚያ ወዲያ ሙቀት። ጭንቀቱ ጭኔ ላይ ከነበረው ካርቶን ነው፤ ለጓሮ ባቡር የሚሆን አንድ ትንሽ ሎኮሞቲቭና ሦስት ፉርጎ ይዟል፤ የምሄደው ኮምቦልቻ አንድ ጓሮ ውስጥ በተዘረጋ ሀዲድ ላይ ልነዳቸው ነው። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ካልተጫነ ብሎ ሲሟገተኝ ከጎኔ የተቀመጡ የሐይቅ ከተማ ሴት «አብሽር ወንድምዓለም፣ እኔ ዘንድ ይሁን» አሉና የራሳቸውን ፌስታል እግራቸው ሥር ከተው ካርቶኑን ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ታቅፈውልኝ ሄዱ። ውስጡ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም። እኛ ሰፈር ቢሆን ሦስት ሰው ከፍቶ አይቶት ነበር።

መናኸሪያው በር ላይ ይህ ደግነት አለቀ። ባጃጁ ሰው በ20 ብር የሚሄድበትን መንገድ 180 አለኝ፤ ምክንያቱ «ዕቃ አለ» ነው። ዕቃው ጭኔ ላይ ነው ብለው «ዕቃ ዕቃ ነው» ብሎ ዘጋው። ያደርኩበት አልጋ ቤት አጎበሩ ቀዳዳ ነበረው፤ የኮምቦልቻ ትንኝ ደግሞ ቀዳዳ ፍለጋ ጊዜ አያጠፋም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጓሮው በር ደረስኩ።

ባለ ጓሮው ጡረታ የወጡ የብረታ ብረት መምህር ናቸው። ሰላምታው ሳያልቅ የሒሳብ ጥያቄ አቀረቡልኝ፦ «ፉርጎዎችህ በስንት ያነሱ ናቸው?» በ32 አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጓሮ ባቡር ሀዲድ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ሀዲዶች ውስጠኛ ጎን መካከል ያለው ርቀት፣ 45 ሚሊ ሜትር ነው። በዓለም ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1968 የጀርመኑ የአሻንጉሊት ባቡር ሠሪ ኤል.ጂ.ቢ. ሲሆን ባቡሮቹን የሚሠራው ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ አሳንሶ ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመራችን ስፋት 1000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ይመጣል፤ ቁርጥ ልኩ ማለት ይቻላል። ጀርመኖቹ ራሳቸው እንኳ እንዲህ አልገጠመላቸውም፦ የመጀመሪያዋ ሞዴላቸው ሽታይንዝ እውነተኛዋ የምትሄደው በ760 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ስለሆነ በዚያ ስሌት 34 ግድም ይበቃት ነበር። በኮምቦልቻ በኩል የተዘረጋው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ደግሞ 1435 ነው። እሱን በ45 ላይ ለማስኬድ 32 ጊዜ ማሳነስ ግድ ይላል፤ የእኔ ፉርጎዎች የዚያ ናቸው። ሁለቱም ያለችግር ይሽከረከራሉ፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን የእኔው የሕፃን ጫማ ይመስላል። «በአንድ ሀዲድ ሁለት ዘመን አይነዳም» አሉኝ ጋሼ። ከሰዓት በኋላ ግን ነዱት።

መስመሩ 38 ሜትር ዙሪያ አለው። ለገሃር፣ ሞጆ፣ አዋሽና ድሬዳዋ የሚሉ ሰሌዳዎች ተተክለዋል፤ ዛፎቹ የተከረከመ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ናቸው፤ ቅጠላቸው ትንሽ ስለሆነ ከርቀት ዋርካ ያህላሉ። መሬቱ ከጥግ እስከ ጥግ 60 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በድንጋይ ካብ ግማሹን ያህል አስተካክለው ልዩነቱን ወደ 28 አውርደውታል፦ 14 ሜትር ሽቅብ፣ 14 ሜትር ቁልቁል፣ የቀረው 10 ሜትር ጣቢያዎቹ ያሉበት ልሙጥ። በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። እስከ 4 የሚወጡ አሉ፤ ነገር ግን በ4 ላይ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ከሁለት ፉርጎ በላይ ሲጎትት ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ጣቢያ ደግሞ ፈጽሞ ልሙጥ መሆን አለበት፤ ካልሆነ የተፈታ ፉርጎ ብቻውን ጉዞ ይጀምራል። ለልኬቱ ግንበኛ የሚይዘውን ቱቦ ውሃ ልክ ተጠቅመዋል፤ ውሃው ላይ ትንሽ ቀለም ጠብ ሲደረግ በፀሐይም በደንብ ይታያል።

መንገዱን ያዩ ሰዎች ሁሉ ስለ ባቡሩ ይጠይቃሉ። መጠየቅ ያለበት ግን ከሥር ያለው ነው። ቦዩ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ጥልቀት አለው። ከታች 10 ሳንቲ ሜትር 02 የሚባለው ሻካራ ጠጠር ውሃ እንዲያሳልፍ፤ ከላይ ከነዱቄቱ 00 የሚባለው ደቃቅ ጠጠር፣ ውሃ ተርከፍክፎበት የተደበደበ። መጀመሪያ የተሞከረው የቦርከና አሸዋ ነበር፤ ወንዝ ያንከባለለው ስለሆነ እህሉ ክብ ነው፣ አይያያዝም፣ በመጀመሪያው ዝናብ ሀዲዱን ጥሎ ሄደ። ከመፍጫ የወጣ ጠጠር ጠርዝ ስላለው እርስ በርሱ ይነካከሳል። ሲሚንቶ ማፍሰስም አያስፈልግም፤ ሀዲድ በፀሐይ ሲረዝም የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣና ይጎብጣል። የዚህ ሁሉ ጠላት ዶሮ ናት። አንዲት ዶሮ ጠጠር ስትጭር በሩብ ሰዓት የምታበላሸውን የክረምት ጎርፍ አያበላሽም፤ ስለዚህ ሀዲዱ ዳር ዳር ቁመቱ ጉልበት የማይደርስ ሽቦ ተወጥሯል።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የናስ ሀዲድ እዚህ አይገኝም፤ ከውጭ ካስመጡትም ዋጋው አያስተኛም። ጋሼ ከውጭ ያስመጡት ባቡሩን ከአንዱ ሀዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን መቀየሪያዎች ብቻ ነው። የቀረው ፍላት የሚባለው ጠፍጣፋ ብረት ነው፦ ውፍረቱ 3፣ ቁመቱ 12 ሚሊ ሜትር። በጠርዙ ይቆምና 4ቱ ተጋዳሚው እንጨት ውስጥ ገብቶ 8ቱ ከላይ ይቀራል። ተጋዳሚዎቹ 90 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው የጥድ ቁራጮች ናቸው፣ በሜትር 20። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነበር፤ ምስጡ ግን በተቃጠለ ዘይት ቢነከርም ከሁለት ክረምት በላይ አልተወውም። ብረቱ የሚገባበትን ስንጥቅ የሚያወጡት አንድ ዘንግ ላይ በሮንዴላ በተራራቁ ሁለት 3 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ዲስኮች ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ዲስኮቹ ከመሐል እስከ መሐል 48 እንጂ 45 መራራቅ የለባቸውም፤ የብረቱ ውፍረት ግማሽ ግማሹ ከሁለቱም ጎን ይቀነሳልና። ለጠመዝማዛው 49 ይሆናል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ትርፍ ካልተሰጠው ጎማው ይጣበቃል። በበጋ እንጨቱ ሲደርቅ ስንጥቁ ይላላል፤ ስለዚህ በየአምስተኛው ተጋዳሚ ላይ ብረቱ ተበስቶ በሽቦ ታስሯል።

ፍላቱ የሚመጣው በ6 ሜትር ነው። የኮምቦልቻ ማለዳና ቀትር በብረት ላይ 40 ዲግሪ ልዩነት ሊያመጡ ይችላሉ፤ ያኔ 6 ሜትር ብረት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በማለዳ የሚዘረጋ ሰው 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ቀትር ላይ የሚዘረጋ ጫፍ ለጫፍ ያጋጥማል። መገጣጠሚያዋ ላሜራ በአንድ ጎን ትበየዳለች፤ በሌላው ጎን ሞላላ ቀዳዳና ቡሎን ይኖራታል፤ ቡሎኑ አይጠብቅም።

የብረት ሀዲድ ይዝጋል። ኤሌክትሪክ በሀዲድ ለሚልክ ሰው ይህ ሞት ነው፤ ኃይሉን ባቡሩ ውስጥ ለሚይዝ ግን ጎማው እንዳይንሸራተት ያግዛል። መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪ መያዝ ለእኔ ክርክር አያስፈልገውም። 18650 የሚባሉ አምስት የሚሞሉ የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ ይታሰራሉ፣ ከተጣለ ላፕቶፕ ባትሪ የተመረጡ፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 4.2፣ ድምሩ 21 ቮልት። ሎኮሞቲቩ አንድ አምፔር ያህል ሲጎትት 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሁለት ሰዓት ግድም ያስኬዳል፤ ዳገቱ ከዚያ ይቀንሳል። የባትሪ መቆጣጠሪያ ቦርድ ሳይኖር መሙላት እሳት መጋበዝ ነው። ለአሻንጉሊት መኪና የሚሸጠው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ብዙውን ጊዜ ከ12 ቮልት ስለማያልፍ በ21 ይጨሳል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከጎማ ወደ ሞተር የሚመጡት የድሮ ሽቦዎች መቆረጥ አለባቸው። ካልተቆረጡ ባትሪው በጎማው በኩል ሀዲዱን ኃይል ይሰጠዋል፤ ሀዲዱ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ የሚመለስበት ቦታ ላይ ግራውና ቀኙ ሲገናኙ ሾርት ይፈጠራል።

ባቡር የተነሳው 3 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ውሃ ልክ የተጣበቀበት ዝርግ ፉርጎ በእጅ ተገፍቶ ዙሪያውን ዞረ፤ አረፋዋ በተንቀሳቀሰችበት ሁሉ ጠጠር በካቻቢቴ ተጠቀጠቀ። ደንቡ የባላገር አይደለም፦ መስመሩ ነጠላ ስለሆነ ከሽቦ የተሠራ አንድ ቀለበት አለ፣ ጣቢያው ምስማር ላይ ይሰቀላል፤ ቀለበቱን ያልያዘ አይነዳም። ፍጥነትም ተወስኗል። እውነተኛው ባቡር በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በዚህ ልክ በሴኮንድ 56 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አንድ ዙር ከ68 ሴኮንድ በታች ከተጠናቀቀ ነጂው ቀለበቱን ያስረክባል። የጎረቤት ልጆች ይህን ደንብ አምርረው ይጠሉታል። እኔ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በአራት ሜትር ሀዲድ ወዲያ ወዲህ ለምል ሰው ግን 68 ሴኮንድ ሳያቋርጥ የሚሄድ ባቡር ማየት ትልቅ ድሎት ነው።

ሁለት ቦታ ከሀዲድ ወጣን። ሞጆ መቀየሪያ ላይ የእኔ ሁለተኛ ፉርጎ በየዙሩ ይወጣ ነበር። በካሊፐር ሲለካ የጎማዎቹ ጀርባ ለጀርባ ርቀት 38.5 ሆኖ ተገኘ፤ 40 መሆን ነበረበት። ጎማዎቹ ሲቀራረቡ ከሀዲዱ ውስጠኛ ጎን የሚወርደው ከንፈራቸው የመቀየሪያውን ሹል ብረት ይወጣበታል። ዘንጉ ላይ በቀስታ ጠምዘዝ እያደረጉ ሳብ ማድረግ በቂ ነው። ሁለተኛው አዋሽ ድልድይ አጠገብ ነው፤ እዚያ ግራ ጠመዝማዛው ወዲያው ወደ ቀኝ ይገለበጣል፣ በመካከላቸው ያለው ቀጥታ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ረጃጅሞቹ የመንገደኛ ፉርጎዎች አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ሲጎተቱ መቀጣጠያው ወደ ጎን ይገፋቸዋል። ቢያንስ የአንድ ረጅም ፉርጎ ቁመት ቀጥታ ያስፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ የቤቱ እመቤት የእትዬ ጤና አዳም ስላለ ቀጥታው እንደማይጨመር ተነግሮኛል። መፍትሔው ቁራጭ ፌሮ ከፉርጎው ወለል ሥር ማሰር ሆነ። ክብደት ከላይ ከተጫነ ይባስ ይገለብጣል።

ለዙህር ሁሉም ነገር ቆመ፤ ከዚያ ቡና። እትዬ ሦስቱንም ሳልጠጣ አያስነሱኝም አሉ፤ እኔ ባትሪው እየሞላ ስለነበር አልተቃወምኩም። የእኛ ቤት ቡና አቦል ላይ ያልቃል፣ ሰው ሁሉ የሚሄድበት አለው።

ስመለስ ጋሼ የዲስኮቹን ዘንግ ልክ በወረቀት ጻፉልኝና ጥድ ሳይደርቅ እንዳልቆርጥ አስጠነቀቁኝ፤ እርጥብ ጥድ ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ ልኩ ይዛባል። ወደ መናኸሪያው ስንሄድ ከባጃጁ ጋር የተነጋገሩት እሳቸው ናቸው፤ 30 ብር፣ ከነካርቶኑ።